ኪኒን ከተዋጠ በኋላ

መድኃኒት ቤት ገብቶ መድኃኒት የተቀበለ ሰው ከኪኒኑ ጋር ጥቂት ቃላትም ተቀብሎ ይወጣል። «ከምግብ በፊት»፣ «ከምግብ በኋላ»፣ «በብዙ ውሃ»፣ «ሳይሰበር»፣ «ከወተት ጋር እንዳይወሰድ»። ብዙዎቻችን እነዚህን ቃላት እንደ ተጨማሪ ምክር እንቆጥራቸዋለን፤ ዋናው ነገር ኪኒኑ መዋጡ ይመስለናል። ለመድኃኒት ቀማሚ ግን ኪኒን ማለት በውስጡ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር ብቻ አይደለም። የት እንደሚፈርስ፣ ምን ያህል ጊዜ ሳይፈርስ እንደሚቆይ፣ የጨጓራን አሲድ ይቋቋም ወይስ አይቋቋም እንደሆነ አስቀድሞ ታስቦበት የተሠራ ነገር ነው። አጫጭሮቹ ትእዛዛትም የሚመነጩት ከዚሁ አሠራር ነው። ትእዛዙን በሚገባ ለመረዳት ኪኒኑ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ይረዳል።

መንገዱ እንዴት ታወቀ

ሰው መድኃኒት መዋጥ የጀመረው በጥንት ዘመን ቢሆንም፣ በሕያው ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚሆነው ነገር በዓይን ታይቶ በሥርዓት የተመዘገበው ከ200 ዓመት ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1822 በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ በምትገኘው የማኪናክ ደሴት አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ካናዳዊ የቆዳ ንግድ ሠራተኛ በቅርብ ርቀት በተተኮሰ ጠመንጃ ሆዱ ላይ ክፉኛ ቆሰለ። ያከመው የጦር ሠራዊቱ ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ነበር። ወጣቱ ከሞት ተረፈ፤ ይሁን እንጂ የጨጓራው ቀዳዳ ጠርዝ ከውጭው ቆዳ ጋር ተያይዞ ስለዳነ ቀዳዳው ሳይዘጋ ቀረ። ቦሞንት ከ1825 ጀምሮ ሥጋ፣ ዳቦና ጎመን በሐር ክር እያሰረ በዚያ ቀዳዳ ወደ ጨጓራው ያስገባ፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላም እያወጣ ምን ያህል እንደላመ ይመዘግብ ነበር። ከ200 በላይ ሙከራዎቹን ይዞ በ1833 ያሳተመው መጽሐፍ ጨጓራ ምግብን የሚያልመው በማሸት ብቻ ሳይሆን አሲድ ባለበት ፈሳሽ ጭምር መሆኑን አስረዳ። ሴንት ማርቲን ኑሮውን ለማሸነፍ የሚለፋ ድሃ ሠራተኛ ነበር፤ ሙከራውም ለእርሱ ቀላል አልነበረም። የጨጓራ ሳይንስ ሲነሳ ስሙ ከሐኪሙ ስም እኩል ሊጠራ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከኤክስሬይ ነው። ሮንትገን የተባለው ሳይንቲስት ጨረሩን በ1895 ባገኘ በዓመቱ ዋልተር ካነን የተባለ የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ቢስሙዝ የተባለውን ብረት ነክ ዱቄት ከምግብ ጋር እየደባለቀ ለእንስሳት ማብላት ጀመረ። ቢስሙዝ ጨረሩን ስለሚከለክል የምግቡ ጥላ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ካነን የድመት ጨጓራ እንዴት እየተኮማተረ ምግቡን ወደ መውጫው እንደሚገፋ በ1898 ጻፈ፤ ድመቷ ስትቆጣ ወይም ስትፈራ እንቅስቃሴው ቀጥ እንደሚልም አስተዋለ።

የኪኒኑ የራሱ ጉዞ ግን ደቂቃ በደቂቃ የታወቀው በ20ኛው መቶ ዓመት የመጨረሻ አሥርት ዓመታት ነው። በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በኪኒኖች ውስጥ ቴክኒሺየም የተባለ፣ ኃይሉ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ የሚቀንስ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጣም በትንሽ መጠን ጨምረው ለፈቃደኞች ሰጡ። ጨረሩን የሚያነብ ካሜራም ከሆዳቸው ፊት ለፊት አቁመው ኪኒኑ የደረሰበትን ቦታ ይከታተሉ ነበር። ዴቪስ፣ ሃርዲና ፋራ በ1986 ያሳተሙት ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ ምልከታዎችን ያጠቃለለ ጥናት እስከ ዛሬ የመድኃኒት ቀማሚዎች መመሪያ ነው። ውጤቱን ወደ ትንሹ አንጀት ስንደርስ እናየዋለን።

ኪኒኑስ እንዴት ተሠራ?

ዛሬ የምናውቀው ተጨምቆ የሚሠራ ኪኒን አባት ዊልያም ብሮክዶን የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው። የእርሳስ ማዕድን ዱቄት በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጨምቆ ጠጣር እንዲሆን የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ፤ ይኸው መሣሪያ መድኃኒትንም መጭመቅ እንደሚችል በመረዳት በ1843 የፈጠራ መብት አወጣበት። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በ1834 በፓሪስ የጄላቲን ካፕሱል የፈጠራ መብት ተመዝግቧል። በ1884 ደግሞ የሃምቡርጉ የቆዳ ሐኪም ፓውል ኡና ከቀንድና ከጥፍር በሚገኘው ኬራቲን የተለበጠ እንክብል አዘጋጀ፤ ሐሳቡ ልባሱ በጨጓራ ውስጥ ሳይሟሟ አልፎ በአንጀት ውስጥ እንዲሟሟ ነበር። ኬራቲኑ እንደታሰበው አስተማማኝ ባይሆንም፣ መድኃኒቱን ለቦታው የማዘጋጀት ሐሳብ ግን ከዚያ በኋላ አልጠፋም።

ተራ ኪኒን ውስጥ ፈዋሹ ንጥረ ነገር ብዙ ጊዜ የክብደቱ ትንሽ ክፍል ነው። ቀሪው ዱቄቱን አያይዞ የሚይዝ፣ ከማሽን ጋር እንዳይጣበቅ የሚያደርግ፣ ውሃ ሲነካው አብጦ ኪኒኑን የሚያፈርስ ስታርችና የመሳሰለው ነው። የመድኃኒት ጥራት የሚለካበት የአውሮፓ ፋርማኮፒያ ልባስ የሌለው ተራ ኪኒን በሰውነት ሙቀት ልክ ባለ ውሃ ውስጥ በ15 ደቂቃ እንዲፈርስ ያዛል። የጨጓራን አሲድ እንዲቋቋም የተለበጠው ኪኒን ደግሞ 2 ሰዓት ሙሉ አሲድ ውስጥ ቆይቶ መሰንጠቅ የለበትም፤ ከዚያ የአንጀትን ፈሳሽ ወደሚመስል ሌላ ፈሳሽ ሲዛወር በ1 ሰዓት ውስጥ መፍረስ አለበት። እዚህ ላይ መፍረስና መሟሟት የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኪኒኑ ወደ ፍርፋሪ ሲለወጥ ፈረሰ ይባላል፤ ፍርፋሪው በፈሳሹ ውስጥ ሲጠፋ ሟሟ ይባላል። ወደ ደም ሊያልፍ የሚችለው የሟሟው ብቻ ነው።

ከአፍ እስከ ጨጓራ

ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ሰውየው ቆሞ ወይም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በቂ ውሃም ጠጥቶ ከሆነ ኪኒኑ ይህን በሰከንዶች ያልፈዋል። ተጋድሞ ወይም በምራቁ ብቻ ከዋጠ ግን ኪኒኑ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ ሰውየውም ብዙ ጊዜ አይታወቀውም። የዴንማርክ ሐኪሞች በ1982 በጤነኛ ሰዎች ላይ ይህን በኤክስሬይ አጥንተው መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ እንዲጠጣና ከዋጠ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲቆም መክረዋል።

ምክሩ ቀላል ቢመስልም ችላ ሊባል አይገባም። ዶክሲሳይክሊን የተባለው ጸረ ተሕዋስያን ካፕሱል በቧንቧው ላይ ተጣብቆ ሲሟሟ አሲዳማነቱ ግድግዳውን ያቆስላል፤ በማግስቱ መዋጥ ራሱ ያሳምማል። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔትም እንዲሁ ስለሚያቆስል የሚወስደው ሰው አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ መጠጣትና ለ30 ደቂቃ አለመጋደም ይጠበቅበታል። ማታ ከመኝታ በፊት መድኃኒት መዋጥ የለመደ ሰው ኪኒኑን በደንብ ውሃ ጠጥቶበት ጥቂት ቆይቶ ቢተኛ ይሻለዋል።

ባዶ ጨጓራና የሞላ ጨጓራ

ከመንገዱ ሁሉ ለመተንበይ የሚያስቸግረው ጨጓራ ነው፤ ሲርበን የሚሠራው ሥራና ስንጠግብ የሚሠራው ሥራ ፈጽሞ ይለያያል።

ምግብ የሌለበት ጨጓራ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ የራሱ ዑደት አለው። ጆሴፍ ሱርዜውስኪ በ1969 በውሾች ላይ ባደረገው ጥናት በዝርዝር የገለጸው ይህ ዑደት በሰው ላይ በየ90 እስከ 120 ደቂቃው ይደገማል። በመጀመሪያ ጨጓራው ለረጅም ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ አልፎ አልፎ መኮማተር ይጀምራል፤ በመጨረሻም ከ5 እስከ 15 ደቂቃ የሚቆይ ብርቱ የመኮማተር ሞገድ ይነሳል። ባለሙያዎች ጠራጊ ሞገድ ይሉታል፤ በዚያን ጊዜ የጨጓራው መውጫ ስለሚከፈት ሳይላም የቀረው ሁሉ ተጠርጎ ወደ አንጀት ይወርዳል። ሲርበን ከሆዳችን የምንሰማው ጉርምርምታ ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚህ የሚገርም ነገር ይከተላል። አንድ ሰው በባዶ ሆዱ የማይፈርስ ትልቅ ኪኒን ቢውጥ፣ ኪኒኑ የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስነው በዋነኛነት ጠራጊው ሞገድ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ሞገዱ ሊነሳ ሲል የተዋጠ ኪኒን በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፤ ሞገዱ ካለፈ በኋላ የተዋጠው ያው ኪኒን ወደ 2 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። ውሃ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። በባዶ ሆድ የተጠጣ 240 ሚሊ ሊትር ውሃ በኤምአርአይ ምስል ሲታይ ግማሹ ከጨጓራ የወጣው በአማካይ በ13 ደቂቃ ነው። ሟሙቶ ከውሃው ጋር የተቀላቀለ መድኃኒትም አብሮ ይወጣል። ሕመም ማስታገሻ በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሲወሰድ ቶሎ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ምግብ ሲገባ ጠራጊው ሞገድ ይቆማል። የጨጓራው የታችኛው ክፍል ምግቡን እያሸ ያደቅቃል፤ መውጫው በር ደግሞ እንደ ወንፊት ፈሳሹንና ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ቅንጣት ብቻ እያሳለፈ ሌላውን ይመልሳል። ምግቡ ቅባት የበዛበት ከሆነ ሥራው ይዘገያል። ጨጓራ ውስጥ የማይፈርስ ኪኒን ከቅንጣቱ ስለሚተልቅ ምግቡ ሁሉ አልቆ ሞገዱ እስኪመለስ ድረስ ይጠብቃል። ሰውየው ቁርስ፣ መክሰስ፣ ምሳ እያከታተለ ከበላ ደግሞ ሞገዱ ስለማይመለስ ኪኒኑ ለብዙ ሰዓታት እዚያው ሊቀር ይችላል። ቀማሚዎች ይህን በማወቅ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ትልቅ ኪኒን ከመሥራት ይልቅ በካፕሱል ውስጥ እንደ ጤፍ ፍሬ በደቀቁ ወይም ትንሽ በሚተልቁ ጥቃቅን ድቡልቡሎች ያዘጋጃሉ፤ ድቡልቡሎቹ ከምግቡ ጋር እየተበተኑ በበሩ ያልፋሉ።

የሰውነት አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። የጨጓራ መውጫ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጨጓራን አሠራር በኮምፒውተር ቀርጸው በ2022 ባወጡት ስሌት፣ በቀኝ ጎን ለተኛ ሰው 10 ደቂቃ የሚፈጀው የኪኒን መሟሟት ቀጥ ብሎ ለተቀመጠው 23 ደቂቃ፣ በግራ ጎን ለተኛው ደግሞ ከ100 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ቁጥሩ የስሌት ውጤት ስለሆነ በየሰው ሊለያይ ይችላል፤ አቅጣጫው ግን ከጨጓራ ቅርጽ ጋር ይስማማል። አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ትንሹ አንጀት፦ መድኃኒት ወደ ደም የሚያልፍበት

የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች በባዶ ጨጓራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባለው መካከል ነው። ትንሹ አንጀት ሲጀምር ከቆሽትና ከሐሞት የሚመጣው ፈሳሽ አሲዱን ስለሚያረግበው ወደ 6 ከፍ ይላል፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ ከ7 ያልፋል። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር መጨመር ማለት አሲዱ በ10 እጥፍ መቀነሱ ነው። ስለዚህ ፒኤች ከ1.5 ወደ 6.5 ሲለወጥ የአሲዱ መጠን በ100,000 እጥፍ ይወርዳል። ኪኒኑ ይህን ለውጥ የሚያልፈው አንዲት በር ተሻግሮ ነው። ዘመናዊ ልባሶች የሚሠሩት በዚሁ ልዩነት ነው፤ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲሆን አይሟሙም፣ ከዚያ ሲያልፍ መሟሟት ይጀምራሉ።

የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ በእጥፋቶችና በጣት መሰል ጥቃቅን ቅጥያዎች የተሞላ ስለሆነ ስፋቱ እጅግ ይበልጣል። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2014 እንደገና ሲለኩት 30 ካሬ ሜትር ያህል ሆኖ አግኝተውታል። አብዛኛው መድኃኒት ወደ ደም የሚገባው እዚህ ነው። የኖቲንግሃሙ ጥናት ትልቁ ግኝትም ስለዚሁ ክፍል ነው፤ ፈሳሽም ሆነ ድቡልቡል፣ ሙሉ ኪኒንም ቢሆን፣ ሰውየው ቢበላም ባይበላም፣ ትንሹን አንጀት የሚያልፈው በአማካይ በ3 ሰዓት ያህል ነው። ጨጓራ እንደ ሁኔታው ሲለዋወጥ ትንሹ አንጀት ግን ጊዜውን ይጠብቃል። ቀማሚው ኪኒኑ ከጨጓራ ከወጣ በኋላ 3 ሰዓት ያህል እንዳለው አውቆ መሥራት የቻለው ከዚህ በመነሳት ነው።

ከአንጀት የተነሳው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ መጀመሪያ ወደ ጉበት ይገባል። ጉበት የሚያልፈውን ሁሉ ስለሚመረምር ከመድኃኒቱ ከፊሉን ገና በመጀመሪያው ዙር ሊያጠፋ ይችላል። ለልብ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን ቢዋጥ ጉበት አብዛኛውን ስለሚያጠፋው ከምላስ ሥር ይደረጋል፤ ከምላስ ሥር ያለው ደም ጉበትን ሳያልፍ ወደ ልብ ይሄዳል። ኢንሱሊንን የመሳሰሉ ፕሮቲን ነክ መድኃኒቶች ደግሞ እንደ ሥጋ ስለሚፈጩ ጉበት ድረስም አይደርሱም። በዚህ ረገድ በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ለስኳር ሕመም የሚሰጥ የሴማግሉታይድ ኪኒን አዲስ ነገር አሳይቷል፤ አብሮት ባለው ረዳት ንጥረ ነገር አማካይነት ከጨጓራው ግድግዳ ያልፋል። ኪኒኑ የሚወሰደው በባዶ ሆድ ነው፤ ውሃው ከ120 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም፤ ከዚያም 30 ደቂቃ ምንም ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። ሌላው መድኃኒት ብዙ ውሃ ሲፈልግ ይህ ውሃ እንዲያንስለት የሚፈልገው በጨጓራው ግድግዳ አጠገብ እንዲረጋ ነው።

የአንድ የታወቀ መድኃኒት ጉዞ

በአገራችን ለጨጓራ ሕመም ኦሜፕራዞል የማይታዘዝለት ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ካፕሱሉን ሲውጥ መድኃኒቱ ጨጓራው ውስጥ ወርዶ ቁስሉን የሚቀባ ይመስለዋል። እውነተኛው ጉዞ ከዚህ ይረዝማል። ኦሜፕራዞል አሲድ የነካው እንደሆነ ይበላሻል። ስለዚህ ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ድቡልቡሎች አሲድን የሚቋቋም ልባስ ለብሰው በጨጓራ ውስጥ ሳይነኩ ያልፋሉ። ትንሹ አንጀት ሲደርሱ ልባሱ ይሟሟል፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባል፤ ጉበትን አልፎ በመላ ሰውነት ይዘዋወራል። በመጨረሻም ወደ ጨጓራ የሚመለሰው በደም ሥር፣ ከግድግዳው በስተጀርባ ነው። እዚያ አሲድ የሚያመነጩትን ሕዋሳት አግኝቶ የአሲድ ፓምፖቻቸውን ይዘጋል።

ኦሜፕራዞል ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ የሚወሰደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሊዘጋ የሚችለው ሥራ የጀመረውን ፓምፕ ብቻ ሲሆን ፓምፖቹን የሚያነቃቃው ምግብ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ዝግጁ ሆኖ ሳለ ምግቡ ሲመጣ ሥራው ይሰምራል። ለመዋጥ ያስቸገረው ሰው ካፕሱሉን ከፍቶ ድቡልቡሎቹን ቢፈጭ ግን ልባሱን ሰብሮ መድኃኒቱን ለአሲድ ሰጠው ማለት ነው።

ምግብ፣ ቡናና ጾም

ምግብ መድኃኒትን አንዳንዴ ያግዛል፣ አንዳንዴ ያግዳል። የማገዝ ምሳሌ ሆኖ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባን ኮአርተም ነው። ኢትዮጵያ በ2004 ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገችው ይህ መድኃኒት አርቴሜተርና ሉመፋንትሪን የተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉት። ሉመፋንትሪን በውሃ ስለማይሟሟ ቅባትን ይፈልጋል፤ ቅባት ሲገባ ሐሞት ይፈስና መድኃኒቱ አብሮ ይሟሟል። በጤነኛ ሰዎች ላይ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የገባው መጠን በባዶ ሆድ ከተወሰደው በ16 እጥፍ በልጧል። ወባ የያዘው ሰው ምግብ ያስጠላዋል፤ ሆኖም መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ይበቃዋል። በ2007 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው 1.2 ግራም ቅባት ያለው 36 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት ከሚቻለው ከፍተኛ መጠን ወደ 90 በመቶው እንዲገኝ ያስችላል። ለጾመኛው ይህ መልካም ዜና ነው። ወተትና ቅቤ ባይኖርም ዘይት የገባበት ሽሮ ወይም ወጥ ጥቂት ጉርሻ ቅባቱን ይሰጣል። አዋቂ ሰው በ3 ቀን ውስጥ የሚወስዳቸው 6 ጊዜዎች አሉ፤ ሁሉም ከእንዲህ ያለ ምግብ ጋር መሆን አለባቸው።

የተቃራኒው ምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶቹ አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን ናቸው። ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ስለሚቀንስባቸው ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ቢወሰዱ ይመረጣል። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ በወተት ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተጣብቀው ከአንጀት ግድግዳ ለማለፍ ይቸገራሉ።

ቡና ለሚወድ ሕዝብ ስለ ብረት ነገር አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። በ1983 በታተመ አንድ ጥናት ቡና ከምግብ የሚገኘውን ብረት 39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ 64 በመቶ ቀንሶታል። ቡናው ከምግቡ 1 ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ጉዳት አላሳየም፤ 1 ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀንሷል። የብረት ኪኒን የታዘዘላት ነፍሰ ጡር ከቡናና ከሻይ አርቃ እንድትወስደው የሚነገራት ለዚህ ነው።

ወደ ደም እንዲገባ የማይፈለግ መድኃኒትም አለ። የኮሶ አበባ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣ የነበረው ኮሶውን አንጀት ውስጥ ባለበት እንዲያገኘው ነው፤ ምግብ በመካከል ካልገባ መድኃኒቱ ሳይቀጥን ይደርሳል። ይህን ሥርዓት ያወጡት አባቶችና እናቶች ጥናታቸው ባይጻፍም ምልከታቸው ትክክል ነበር። የዛሬው አልቤንዳዞልም ሁለት ዓይነት አወሳሰድ አለው። ትሉ አንጀት ውስጥ ከሆነ በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ጉበት ወይም ሌላ አካል ውስጥ የገባ ፈሳሽ ቋጠሮ ለማከም ሲሰጥ ግን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ቅባቱ ወደ ደም ይስበዋልና።

ትልቁ አንጀትና የማይፈርሱ ቅርፊቶች

ከትንሹ አንጀት ያለፈ ነገር 1.5 ሜትር ገደማ በሚረዝመው ትልቁ አንጀት ውስጥ ከግማሽ ቀን እስከ ሁለትና ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። እዚያ ውሃው ትንሽ፣ ባክቴሪያው እጅግ ብዙ ነው። ስዊድናዊቷ ሐኪም ናና ስቫርትስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ለቁርጥማት ብላ ያዘጋጀችው ሰልፋሳላዚን የትልቁን አንጀት ቁስለት የሚያክመው በእነዚሁ ባክቴሪያዎች ነው። መድኃኒቱ ሁለት ንጥረ ነገሮች የተጣመሩበት ሲሆን ባክቴሪያዎቹ ጥምረቱን ሰብረው ፈዋሹን ክፍል በቦታው ይለቁታል።

ቀስ ብሎ የሚለቅ መድኃኒትም ከጉዞው የተወሰነውን ክፍል የሚፈጽመው እዚሁ ነው። ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1952 የተለያየ ውፍረት ያለው ልባስ የለበሱ ድቡልቡሎችን በአንድ ካፕሱል አቅርቦ መንገዱን ከፈተ። በኋላ በካሊፎርኒያ የሚገኘው አልዛ ኩባንያ በሌዘር የተበሳ አንዲት ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ቅርፊት ሠራ፤ ውሃ በቅርፊቱ ሰርጎ ይገባል፣ ውስጡ ያለው ነገር ያብጣል፣ መድኃኒቱ በቀዳዳዋ ለሰዓታት እየተገፋ ይወጣል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኒፌዲፒን በዚህ መልክ ይዘጋጃል። ቅርፊቱ ራሱ ስለማይሟሟ በሰገራ ውስጥ ይታያል፤ ያየ ሰው መድኃኒቱ ሳይሠራ የወጣ ቢመስለውም የወጣው ባዶ ቅርፊቱ ነው። ቴክኖሎጂው ያለ ጉዳት አልመጣም። በተመሳሳይ አሠራር የተዘጋጀው ኦስሞሲን የተባለ የሕመም ማስታገሻ አንዳንድ ታማሚዎችን አንጀታቸውን በመብሳት ስለጎዳ በ1983 ከእንግሊዝ ገበያ ወጥቷል።

በመድኃኒት ስም መጨረሻ ላይ ኤስአር፣ ሲአር፣ ኤክስአር ወይም ኤክስኤል የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ የሚለቅ ነው፤ ኢሲ የሚለው ደግሞ አሲድ የሚቋቋም ልባስ እንዳለው ያመለክታል። እነዚህን መፍጨት ወይም ማኘክ አደጋ አለው፤ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት ተብሎ የተሰናዳው መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። በመሃሉ መክፈያ መስመር ያለው ተራ ኪኒን ግን ብዙ ጊዜ ለሁለት ሊከፈል ይችላል።

ለመዋጥ የሚቸገር ሽማግሌ ወይም ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ኪኒኑን ከመፍጨት በፊት መድኃኒት ቤቱን ሌላ ቅርጽ እንዳለው መጠየቅ ይሻላል። ብዙ መድኃኒት በሽሮፕ ወይም በጥቂት ውሃ ውስጥ በሚበተን ኪኒን መልክ ይገኛል። ለተቅማጥ የሚሰጠው የዚንክ ኪኒን በማንኪያ ውሃ ወይም በእናት ጡት ወተት ይበተናል። ለሕፃናት የተዘጋጀው፣ በውሃ የሚበተንና የቼሪ ጣዕም ያለው የኮአርተም ኪኒንም ከ2009 ጀምሮ አለ፤ ይህኛውም እንደ አዋቂዎቹ ከጡት ወተት ወይም ከሌላ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሰጣል።